ቦሎቄ፣ በሶብላና ወዳጅ ፈንገስ፦ በአዳማ ዙሪያ ደረቅ መሬት

ጥራጥሬና መድኃኒት ዕፅዋትን አጠጋግቶ ማብቀል ለአዳማ ዙሪያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ጓሮው ውስጥ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ዳማ ከሴ አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ ቦሎቄ ነው። አዲሱ ሦስተኛው ጓደኛ ነው፤ ማይኮራይዛ የሚባለው የሥር ፈንገስ። ፈንገስ ሲባል ዋግና ሻጋታ ትዝ የሚለው ብዙ ነው፤ ይሄኛው ግን ወዳጅ ነው።

ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው አልበርት ፍራንክ ነው፣ በ1885 እ.ኤ.አ.።

አሠራሩ ልውውጥ ነው። ፈንገሱ ሥር ውስጥ ገብቶ ከተክሉ ስኳር ይወስዳል፤ በምትኩ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን ወደ አፈሩ ዘርግቶ፣ ሥር ራሱ ሊገባበት ከማይችል ጠባብ ቀዳዳ ፎስፎረስና ውሃ ያመጣል። ዝናቡ ሲቆራረጥ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቦሎቄ ደግሞ ሌላ ደባል አለው፤ ናይትሮጅን ከአየር የሚይዝለት ራይዞቢየም የተባለ ባክቴሪያ። ይሄ ሥራ ፎስፎረስ ይፈጃል፤ ፎስፎረሱን የሚያቀብለው ፈንገሱ ነው። አበባ ሲጀምር አንድ ቦሎቄ ከነአፈሩ ንቀሉና ሥሩ ላይ ያለችውን እባጭ በጥፍር ሰንጥቋት። ውስጧ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናት። ፈንገሱን ግን በዓይን አታገኙትም፤ ሥሩ ቀለም ጠጥቶ በማይክሮስኮፕ ነው የሚታየው።

ቦሎቄ ተነስቶ መልካሳን መዝለል ነውር ነው። ከአዳማ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በ1550 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው ይህ የምርምር ማዕከል ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ዝናብ አጠር መሬት ላይ ሲለፋ የኖረ ነው፤ አዋሽ 1፣ አዋሽ መልካ፣ ናስር የሚባሉትን ዝርያዎች የአካባቢው ገበሬ በስማቸው ነው የሚጠራቸው። ነጩ ወደ ውጭ ይላካል፣ ቀዩ ድስት ይገባል። በመስመር ሲዘራ በመስመሮች መሃል 40፣ በተክሎች መሃል 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሦስት ወር ገደማ ይበቃዋል። የመድኃኒት ዕፅዋቱን ምርምር በዋናነት የያዘው የወንዶ ገነት ማዕከል ነው።

ከዕፅዋቱ በሶብላ ፈንገሱን ደህና አድርጎ ይቀበላል። ጦስኝም እንዲሁ፤ ግን የደጋ ልጅ ስለሆነ አዳማ ላይ አልመክረውም። ፌጦ ጎመን ዘር ነው፣ ከዚህ ፈንገስ ጋር ዝምድና የለውም፤ በከንቱ አትድከሙ። አብሽ ደግሞ ራሱ ጥራጥሬ፣ ራሱ መድኃኒት!

መጠነኛ ድርቅ ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ዕፅዋቱ ቅጠል ውስጥ ያለውን የመዓዛ ዘይት ድርሻ ከፍ ያደርገዋል፤ ችግሩ ቅጠሉ ራሱ ማነሱ ነው። ኢራን ውስጥ ጦስኝን ከአኩሪ አተር ጋር እያፈራረቁ በመስመር ዘርተው፣ ፈንገስ ጨምረው የሞከሩት ይህንኑ ጉድለት ለማካካስ ነው።

ፈንገሱ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ምግብ ያሻግራል የሚለው ወሬ ያከራክራል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ግምገማ፣ ጫካን በተመለከተ ማስረጃው ከሚነገረው በታች ነው ተብሏል። ከውጭ የሚመጣው የታሸገ ፈንገስ ይሻላል ወይስ የአገሩ? ብዙ ጊዜ የአገሩ፤ ግን እንደ አፈሩና እንደ ተክሉ ይለያያል።

ፈንገሱ ያለ ሕያው ሥር ስለማይራባ፣ የሚባዛው ማሰሮ ውስጥ በበቀለ ተክል ሥር ነው። ከግራር ሥር አፈር ይወሰዳል፣ ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ማሽላ ይዘራበታል። ከሦስት አራት ወር በኋላ ውሃው ይቆማል፤ ማሽላው ሲደርቅ ሥሩ ተከትክቶ ከነአሸዋው ከዘሩ ሥር ይጨመራል። ፎስፎረስ ያለበት ማዳበሪያ ሲበዛ ፈንገሱ ይሰንፋል፣ ደጋግሞ ማረስም ክሮቹን ይበጣጥሳል። ስለዚህ በሶብላው ቋሚ መስመር ይያዝለት፤ ማረሻው በቦሎቄው በኩል ብቻ ይለፍ።