መነጽር ለማውለቅ፦ የሌዘር ሕክምናው ምርጫና አክሲዮኑ

በ1981 (እ.ኤ.አ.)፣ በአሜሪካ የምስጋና በዓል ማግስት፣ የአይቢኤሙ ተመራማሪ ስሪኒቫሳን ከቤቱ የተረፈ የተርኪ ሥጋ ይዞ ላብራቶሪ ገባ። ኤክሳይመር የሚባለውን ሌዘር አሳረፈበት። ጨረሩ ዙሪያውን ሳያሳርር ጥርት አድርጎ ቆረጠው። የዛሬው የዓይን ሌዘር መነሻው ይህ ነው።

ሥራው ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይንን የፊት መስታወት፣ እንደገና መቅረጽ ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ከሕክምናው ዘዴዎች ቀደም ብሎ የመጣው ፒአርኬ ነው፤ አሜሪካ በ1995 ፈቀደችው። ስስ የላይኛው ሽፋን ይነሳና ሌዘሩ ይሠራል። ለጥቂት ቀናት ያማል፣ ዕይታው እስኪጠራም ሳምንታት ይወስዳል። ላሲክ በሚባለው ዘዴ ግን ኮርኒያው በስሱ ተቆርጦ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል፤ ሌዘሩ ሠርቶ ሲያበቃ ይከደናል። ታካሚው አንድ ብርሃን ላይ አፍጥጦ ይተኛል፤ የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታም ይሸተዋል። ብዙ ሰው በማግስቱ አጥርቶ ያያል። ችግሩ የዓይን መድረቅ ነው፤ ነርቮች አብረው ስለሚቆረጡ። በ2016 አሜሪካ የፈቀደችው ስማይል ደግሞ ገጽ አይገልጥም፤ በጠባብ ቀዳዳ ስስ ቁራጭ ይወጣል።

በእኔ እምነት ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት የኮርኒያ ምርመራው ነው። ኮርኒያው የሳሳ ሰው ብዙ ጊዜ ፒአርኬ ይመከርለታል። ኬራቶኮነስ ያለበት፣ ማለትም ኮርኒያው እየሳሳ የሚሾል ሰው፣ ላሲክ ቢሠራለት ሊብስበት ይችላል። «አንተ ላይ አልሠራም» የሚል ሐኪም ካገኛችሁ አመስግኑት። ደግሞ ዕድሜ 45 አካባቢ ለማንበብ መነጽር ቢያስፈልግ ሌዘሩ ከሸፈ ማለት አይደለም። እሱ የዕድሜ ጉዳይ ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ክሊኒክና ማሽን ሠሪ ለየቅል ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ስለማይከፍል፣ ኑሮ ሲከብድ ሰው ቀጠሮውን ያራዝማል። በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። ከትልልቆቹ የሌዘር ክሊኒክ ሰንሰለቶች አንዱ የሆነው ቲኤልሲ ቪዥን በ2009 መጨረሻ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ማሽን ሠሪው ግን ማሽኑን ሸጦ አያበቃም፤ ብዙ ጊዜ ክሊኒኩ በታከመ ዓይን ቁጥር ይከፍለዋል። የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ኩባንያው ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በ2017 የሌላውን የጤና ኩባንያ የአቦትን የዓይን ክፍል በ4.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ ወደዚህ ገበያ ገባ። ሆኖም የእሱን አክሲዮን የገዛ ሰው በአብዛኛው የገዛው መድኃኒት ነው። ሌላው የዓይን ሕክምና ዕቃ ሠሪ አልኮንም ከሌዘሩ ይልቅ በሞራ ግርዶሽ ሌንስና በኮንታክት ሌንስ ይኖራል። ለሌዘሩ ይበልጥ የሚቀርበው ስማይልን ያመጣው፣ ጀርመን ገበያ ላይ የሚሸጠው ካርል ዛይስ ሜዲቴክ ነው።