ህመሙ ጠፋ ማለት ጥርሱ ተሰርቶ አለቀ ማለት አይደለም

«ጥርሴ ተሞልቶ ህመሙ ጠፍቷል፣ ለምን ድጋሚ ይቀጥሩኛል፣ ብር ፈልገው ነው» የምትሉ በዝታችኋል። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ በአንድ ቀን ተሞልቶ ያልቃል። ነርቩ ጋ ከደረሰ ግን ሩትካናል ነው፣ የተበላሸው ነርቭ ወጥቶ ስሩ ውስጥ ያለው ቱቦ ይጠረግና ይታሸጋል፣ የፊት ጥርስ ብዙ ጊዜ አንድ ቱቦ ነው ያለው መንጋጋ ግን 3 ወይ 4 ስለሚኖረው አንዳንዴ በአንድ ቀጠሮ አያልቅም፣ ያኔ ላዩን በጊዜያዊ ሙሌት ዘግተው ይልኳችኋል።

እንበል ጎንደር ውስጥ አንዷ ከአዘዞ ፒያሳ መጥታ አስጀመረች፣ ሲሻላት ቀጠሮውን ተወችው። ጊዜያዊው ሙሌት ይሸራረፋል፣ ምራቅና ባክቴሪያ ይገባል፣ ድዷ አብጦ ስትመለስ ምናልባት መንቀል ይሆናል። ስለዚህ ማስጨረሱ ግዴታ ነው።

የሚለያየው ዋጋው፣ የቀጠሮው ብዛትና ክራውን የሚሉት ክዳን ነው። መንጋጋ ተቦርቡሮ ስለሚሳሳ ክዳኑ ብዙ ጊዜ ይመከራል (የኛ ሰው ደግሞ ቆሎ አይተውም፣ ይሰነጥቀዋል)፣ የፊት ጥርስ ላይ ግን ሁሌ አያስፈልግም። ከስራው በኋላ ጥቂት ቀን ስትነክሱበት ቢያማችሁ ያለ ነው፣ እብጠት ወይ ትኩሳት ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ።