በእንግሊዝኛ መስተጻምርና ተውሳከ ግስ ሲገናኙ

እንግሊዝኛ ሐሳብን ከሐሳብ የሚያያይዝባቸው ቃላት በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። «ኤንድ» (እና)፣ «በት» (ግን)፣ «ሶ» (ስለዚህ)፣ «ቢኮዝ» (ምክንያቱም)፣ «ኦልዞው» (ምንም እንኳ) መስተጻምር፣ ማለትም ሐሳብን ከሐሳብ የሚያስሩ ቃላት ናቸው። «ዜን» (ከዚያ)፣ «ስቲል» (ያም ሆኖ)፣ «ሀውኤቨር» (ሆኖም)፣ «ዜርፎር» (ስለዚህ) ደግሞ ተውሳከ ግስ፣ ማለትም ግስን ወይም ሐሳብን የሚያብራሩ ቃላት። ትርጉማቸው ስለሚቀራረብ ተማሪ በቀላሉ ያምታታቸዋል።

መለያው ቦታ ነው። «በት» እና «ሀውኤቨር» ሁለቱም «ግን» ማለት ናቸው። «ኢት ሬይንድ፣ በት ዊ ዌንት» (ዘነበ፣ ግን ሄድን) ስንል «በት» ከቦታው ንቅንቅ አይልም። «ሀውኤቨር» ግን ከሁለተኛው ሐሳብ ፊት፣ መሃል ወይም መጨረሻ ላይ መግባት ይችላል። ያም ሆኖ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን የማሰር አቅም የለውም። ስለዚህ በመካከላቸው ፉልስቶፕ ወይም ሴሚኮሎን ያስፈልጋል። ኮማ ብቻ አይበቃም። በጽሑፍ በብዛት የሚታየው ስህተት እዚህ ጋ ነው።

ሁለቱ ጎራዎች ጎን ለጎንም ይሄዳሉ። «ኤንድ ዜን»፣ «በት ስቲል»፣ «ኤንድ ዜርፎር» የዕለት ተዕለት አነጋገር ናቸው። በ«ኤንድ ዜን» ውስጥ «ኤንድ» ያስራል፣ «ዜን» ቅደም ተከተሉን ይናገራል። «ኤንድ በት» የሚል ሰው ግን የለም። ሁለቱም አሳሪ ስለሆኑ ይጋጫሉ።

ይበልጥ የሚገርመው ተውሳከ ግሱ ከመስተጻምሩ ፊት ቆሞ ትርጉሙን ሲያጠራው ነው። «አፍተር» «በኋላ» ነው፤ «ራይት አፍተር» ሲሆን «ወዲያው እንደ...» ይሆናል። «ሎንግ ቢፎር» ደግሞ «ከብዙ ጊዜ በፊት»። «ኦንሊ ኢፍ» እና «ኢፍ ኦንሊ» ላይ ቅደም ተከተሉ ሁሉን ነገር ይለውጣል። የመጀመሪያው ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ «ይህ ከሆነ ብቻ»። ሁለተኛው ምኞት ወይም ቁጭት ነው፦ «ምነው በሆነ»።

አማርኛ ተናጋሪን በተለይ የሚፈትነው «ኢቭን» (እንኳ) ነው። «ኢቭን ዞው» የተረጋገጠ ነገርን፣ «ኢቭን ኢፍ» ግምትን ይይዛል። የእኛ «ቢሆንም» ሁለቱንም ይሸፍናል። «ሀብታም ቢሆንም ደስተኛ አይደለም» ሲባል ሀብቱ እውነት ነው፤ «ኢቭን ዞው» ይሄዳል። «ሀብታም ቢሆንም አላገባውም» የምትለው ልጅ ስለ ሀብቱ ካላወቀች ግን «ኢቭን ኢፍ» ነው። «ኢቭን» ብቻውን ሐሳብ ማሰር ስለማይችል «ኢቭን ኢት ሬይንድ፣ ዊ ዌንት» ማለት አያስኬድም።

«ኦልዞው» ብለው ጀምረው ሁለተኛውን ሐሳብ በ«በት» መክፈትም የተለመደ ስህተት ነው። እኛ ዘንድ «ቢዘንብም ግን ሄድን» ጆሮ ስለማይጎረብጥ ልማዱ አብሮ ይሻገራል። እንግሊዝኛ እዚህ ቦታ አንድ መስተጻምር ይበቃዋል። አጽንኦት ከተፈለገ ግን «ስቲል» ይጨመራል፦ «ኦልዞው ኢት ሬይንድ፣ ዊ ስቲል ዌንት»። ተውሳከ ግስ ስለሆነ አይጋጭም። ይህ በእኔ እምነት ከሁሉም በፊት መማር ያለበት ጥምረት ነው።

ዓረፍተ ነገርን በ«ኤንድ» ወይም በ«በት» መጀመር ክልክል ነው የሚሉ መምህራን አሉ። የሰዋስው ሕግ ግን አይደለም። በ1611 የታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ በዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ካሉት 31 ቁጥሮች 29ኙን የሚጀምረው በ«ኤንድ» ነው።