ስፖርትና የፍርሃት ትውስታ፦ ከደጀን ቁልቁለት እስከ ጣና ዳር

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ነገሩ የፈሪነት ጉዳይ አይደለም፤ አንጎል ሥራውን እየሠራ ነው። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ፍሬን እምቢ ባለው መኪና ውስጥ የነበረ ሰው እንውሰድ። ሰውየው ተርፏል እንበል። ከዚያ ወዲህ ግን የተቃጠለ ፍሬን ሲሸተው ወይም ጠመዝማዛ መንገድ ሲያይ ልቡ ድው ድው ይላል።

በዚህ ውስጥ በተለይ ሦስት የአንጎል ክፍሎች ይሳተፋሉ። አሚግዳላ ሽታውንና ድምፁን ከአደጋው ጋር ያስራል። ሂፖካምፐስ ቦታውን ይመዘግባል። ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ አሚግዳላን «ተረጋጋ፣ አሁን ምንም የለም» ይላል። ፍርሃቱ አልለቅ ባለው ሰው ላይ ይሄ የመጨረሻው ድምፅ ይደክማል።

ታዲያ ያ ሰው ቁልቁለቱን ደጋግሞ በሰላም ቢወርድ ፍርሃቱ ይለቀዋል። ነገር ግን የድሮው ትውስታ አልተፋቀም። አንጎል በላዩ ላይ «ይሄ መንገድ ሰላም ነው» የሚል አዲስ ትምህርት ጨመረ እንጂ። ለዚህ ነው ፍርሃት ከወራት በኋላ ተመልሶ ዱብ የሚለው። አዲሱ ትምህርት ከቦታም ጋር ይታሰራል። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ መኪና መልመድ ለደጀን ቁልቁለት ብዙም ላይረዳ ይችላል።

ስፖርት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስንሮጥ ወይም ፈጠን ብለን ስንራመድ አንጎል ውስጥ ቢዲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይጨምራል። ሥራው የነርቭ ሴሎችን መንከባከብና ትስስራቸውን ማጠናከር ነው፤ ያለ እሱ መማር ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት ደግሞ መሮጫ መንኮራኩር የተሰጣቸው አይጦች ሂፖካምፐስ ውስጥ አዳዲስ ሴሎች እንደሚበዙ አሳየ። በጎልማሳ ሰው አንጎል አዲስ ሴል ይወለዳል ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 የሆኑ 120 አሜሪካውያን ተጠኑ። ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን እስከ 40 ደቂቃ ተራመዱ። ከዓመት በኋላ የእነሱ ሂፖካምፐስ በ2 በመቶ አደገ። ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ ብቻ የከረሙት ግን ቀነሰባቸው።

አሁን የሚገርመው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 በካናዳ ተመራማሪዎች የወጣ ጥናት አይጦችን መጀመሪያ አስፈራ፣ ከዚያ ለሳምንታት አስሮጠ። የሮጡት ያስፈራቸውን ቦታ ረሱት። በሌሎች ሙከራዎች ግን አይጦቹ ሳይፈሩ በፊት ሲሮጡ ከርመው ነበር፤ እነዚህ ደግሞ አስፈሪውን ቦታ ይበልጥ አጥብቀው ያዙት። እንግዲህ «ስፖርት ፍርሃትን ያጠፋል» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። ስፖርት መማርን ያግዛል፤ የሚማረው ፍርሃት ከሆነም ያው ነው። ወሳኙ ጊዜው ነው። አይጦች ከፍርሃት የመላቀቅ ትምህርቱ ሲሰጣቸው ወዲያው ቢሮጡ በኋላ የተሻለ ያስታውሱታል። በሰው ላይ ውጤቱ አንድ ወጥ አልሆነም።

አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ሲሮጡም ሲፈሩም ልብ ይመታል፣ ላብ ይወርዳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ሶምሶማ የለመደ ሰው የልብ ምት ሁሉ አደጋ እንዳልሆነ በገላው ያውቀዋል።

ጎጃም ውስጥ መቼም እግር ሥራ አይፈታም። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። የደጋ ዳሞት ገበሬ ይህን በአንድ የገበያ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። ሸክም ተሸክሞ፣ ተርቦና ሳይተኛ መንከራተት ግን ለፈራ አንጎል እረፍት አይሆንም። ችግሩ የሚብሰው በከተማ ነው፤ ለሁለት ፌርማታ ባጃጅ የሚጠራው ብዙ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ብስክሌቱም ጣና ዳሩም አለላት። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ከቆላ ለመጣ ሰው ያው ርምጃ ይከብደዋል። ጮቄ አናት ላይማ 4,000 ሜትር ያልፋል። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ካቃተዎት፣ ልኩ እሱ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አደጋው ሲያልፍ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ብዙ የጎጃም ሰው ተኩስ እየሰማ አድሯል። ተኩሱ ዛሬም በሚሰማበት ሰፈር ድንጋጤ የድሮ ትውስታ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው፤ አንጎልም «ሰላም ነው» የሚለውን ሊማር አይችልም። ነገሩ ካለፈ በኋላም ቅዠቱ፣ መባነኑና ከቦታው መሸሹ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ግን የአእምሮ ሐኪም ማየት ይገባል። ሕክምናው ሰውየውን በደረጃ፣ በንግግር እየታገዘ፣ ወደሚፈራው ነገር ያቀርበዋል። ስፖርቱ ከዚህ ጎን ይሆናል፤ ጸበልም የሚጠመቅ ሰው ሕክምናውን አያቋርጥ።