የሙከራ ዝግጁነት ማረጋገጫ ምንድን ነው? ራሱን በራሱ የሚያሽከረክር ተሽከርካሪ መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት

የሙከራ ዝግጁነት ማረጋገጫ ማለት ራሱን በራሱ የሚያሽከረክር ተሽከርካሪ ለሙከራ ወደ ሕዝብ መንገድ ከመውጣቱ በፊት፣ መኪናው፣ የሚቆጣጠረው ሰው፣ የተመረጠው መንገድና የሥራው ደንብ ለዚያ ሙከራ ብቁ መሆናቸው በማስረጃ ተመርምሮ “ይውጣ” ወይም “አይውጣ” የሚል ውሳኔ የሚሰጥበት ሥርዓት ነው። ብዙዎች ይህን መኪናውን የሚነዳው የኮምፒውተር ሲስተም በደንብ መንዳቱን ከማረጋገጥ ጋር ያምታቱታል። በደንብ መንዳቱ ተረጋግጦ ቢሆን ኖሮ ሙከራ ባላስፈለገ ነበር። እዚህ የሚጠየቀው ሲስተሙ ሲሳሳት፣ መሳሳቱም አይቀርም፣ ስሕተቱ ሰው ላይ ጉዳት ሳያደርስ የሚገታው ነገር አለ ወይ የሚለው ነው።

የጥያቄውን ክብደት በማርች 2018 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ አሪዞና ግዛት፣ ቴምፒ ከተማ የደረሰው አደጋ ያሳያል። በስልክ መተግበሪያ የታክሲ አገልግሎት የሚሰጠው የኡበር ኩባንያ የሙከራ መኪና በሌሊት ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። የአገሪቱ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ ሲስተሙ ሴትየዋን ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ አስቀድሞ አይቷት ነበር፤ መኪናው በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝ ስለነበር በመካከላቸው ከ100 ሜትር በላይ ርቀት ነበር ማለት ነው። ሆኖም ሲስተሙ ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ የሚያቋርጥ ሰው ሊኖር እንደሚችል ታስቦ ስላልተሠራ፣ አንዴ ተሽከርካሪ፣ አንዴ ብስክሌት፣ አንዴ ሌላ ነገር እያለ ሲቀያይር፣ በቀያየረ ቁጥርም ቀደም ሲል የመዘገበውን እንቅስቃሴዋን ሲተው ጊዜው አለቀ። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የወጣው የድንገተኛ ፍሬን ሲስተም በሙከራው ወቅት እንዲጠፋ ተደርጎ ነበር። መሪ ላይ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪ ስልኳን ታይ ነበር፤ ቀድሞ ሁለት የነበሩት ተቆጣጣሪዎችም ከጥቂት ወራት በፊት ወደ አንድ ተቀንሰዋል።

ከእነዚህ ጉድለቶች ውስጥ መንገድ ላይ ካልተወጣ በቀር ሊታወቅ የማይችል አንድም አልነበረም፤ ሁሉም መኪናው ከመነሣቱ በፊት ተጠይቀው መልስ ሊያገኙ የሚችሉ ነበሩ። እኔን አብዝቶ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

የመኪናው ምርመራ በአንጻሩ ቀላሉ ክፍል ነው፦ ካሜራው፣ ራዳሩና በሌዘር ብርሃን ርቀት የሚለካው ላይዳር በትክክል መስተካከላቸው፣ ፍሬንና መሪው መሥራታቸው፣ ሲስተሙ በሲሙሌሽን (በኮምፒውተር በተመሰለ ጉዞ) እና በተዘጋ የሙከራ ሜዳ ያሳየው ውጤት፣ እንዲሁም በየትኛው መንገድ፣ በምን ፍጥነትና በምን የአየር ሁኔታ ብቻ እንደሚነዳ የሚወስነው የአሠራር ወሰን ይታያል።

ከባዱ የሰው ጉዳይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኖርማን ማክዎርዝ በ1948 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ እምብዛም የማይከሰት ምልክት እየጠበቀ የሚቀመጥ ሰው ንቃቱ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ መቀነስ እንደሚጀምር አሳይተዋል። የሙከራ መኪና ተቆጣጣሪ ሥራም ይኸው ነው፤ ሲስተሙ እየተሻሻለ በሄደ ቁጥር ጣልቃ የሚገባበት ጊዜ እየራቀ፣ እሱም እየተዘናጋ ይሄዳል። ስለዚህ “ልምድ ያለው ሹፌር ነው” የሚል መልስ አይበቃም። በተዘጋ ሜዳ ላይ፣ መኪናው ራሱን እየነዳ ሳለ አሠልጣኙ ሳያስጠነቅቅ መሪው ወደ ጎን እንዲስብ ያደርጋል፤ ተቆጣጣሪው መሪውን ጨብጦ እስኪመልሰው ድረስ ያለፈው ጊዜና መኪናው ከመስመሩ የወጣበት ርቀት ይለካል። ይህ ልኬት ከሙከራው ፍጥነት ጋር ካልተመጣጠነ ወይ ፍጥነቱ ይቀነሳል፣ ወይ ተቆጣጣሪው ተጨማሪ ሥልጠና ይወስዳል። የፈረቃው ርዝመት፣ የስልክ ክልከላውና ዓይኑ መንገዱ ላይ መሆኑን የሚከታተለው ካሜራም አብረው ይመረመራሉ።

ውሳኔውን የሚሰጠው ሰው የፕሮጀክቱን የጊዜ ሰሌዳ የማሟላት ኃላፊነት የሌለበት ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ቀኑ የደረሰበት ሰው “አይውጣ” ለማለት ይከብደዋልና።

ፈቃዱም ለዘለቄታው የሚያገለግል አይደለም። የሚጸናው ለተመረመረው የሶፍትዌር ቅጂ፣ ለተመረጠው መንገድና ለተፈቀደው የአየር ሁኔታ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ሲቀየር ለውጡ የነካው ክፍል እንደገና ይፈተሻል፤ በወሰኑ ውስጥ ያልተካተተ ዝናብ በጉዞ መሐል ከጀመረም ተቆጣጣሪው መሪውን ተረክቦ፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ መኪናውን ራሱ እየነዳ ይመልሰዋል።