«ካፍ ከወጣ አፋፍ» ዝም በል ማለት አይደለም

ባለፈው ሰሞን ቢሾፍቱ ነበርኩ። ሐይቅ ለማየት አይደለም። ለመንግሥት ኃላፊዎች በተዘጋጀ የሦስት ቀን ስልጠና ላይ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተጠርቼ ነው። ርእሱ «ስትራቴጂካዊ ኮሙኒኬሽን ለዘመኑ የጸጥታ ተግዳሮቶች» ይላል። በየሰው ፊት ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የታሸገ ውሃ፣ የስም ካርድ። ታውቁታላችሁ።

በሁለተኛው ቀን ከሻይ በኋላ ከአንድ ወረዳ የመጡ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ እጃቸውን አወጡ። «ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ተኩስ ይሰማል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፌስቡክ ላይ ይህን ያህል ሰው ሞተ ይባላል። ስልኬ መጮህ ይጀምራል። እኔ ገና ምንም አላውቅም። ምን ልበል?» አሉ። በሁለት ቀን ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያው የምር ጥያቄ ነበር።

አሰልጣኙ ፈገግ አለ። «እሱንማ አባቶቻችን ጨርሰውታል። ካፍ ከወጣ አፋፍ! ተጣርቶ እስኪያልቅ ዝም ማለት ነው» አለ። ሰው ሳቀ፣ ከዚያም አጎንብሶ ጻፈ። እኔም ጻፍኩ፣ እያንገሸገሸኝ።

የተረቱን ትርጉም እዚህ ልዘርዝር ብል ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ከተናገርከው በኋላ አትመልሰውም፣ ይኸው ነው። ነገሬ ወዲህ ነው። ዝም በል ማለት ለፈለገ ሰው አማርኛ ተረት አላነሰውም። «ዝም አይነቅዝም» አለ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለ። ከሁለቱ አንዱን ቢያነሳ ምንም አልልም ነበር። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ግን የሌላ ቤት ልጅ ነው። ዝም ላለ ሰው አልተተረተም። ሊናገር ለተነሳ ሰው ነው።

እንዴት አወቅህ በሉኝ።

ያደግሁት ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ወደ ጀማ ከሚወርዱት ትንንሽ ሸለቆዎች በአንዱ አፋፍ ላይ ነው። ማዶው ለዓይን ቅርብ ነው። አክስቴ እሳት ስታነድ የቤቷ ጭስ ይታየናል። እሷ ዘንድ ቡና ልጠጣ ያልህ እንደሆነ ግን ቁልቁለቱን ወርደህ፣ ወንዙን ተሻግረህ፣ ዳገቱን እስክትወጣ ግማሽ ቀንህ አለቀ። ስልክ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ይጠራል።

የመንደራችን ጠሪ አጎቴ ነበር። ማንም አልሾመውም፣ ጉሮሮው ነው የሾመው። ሲጠራ ገደሉ ጫፍ ላይ አይቆምም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለስ ብሎ፣ ከወይራዋ ሥር፣ ተረከዙን ድንጋይ ላይ ተክሎ ነው። ቶሎ አይጮህም። ሣር ነጭቶ ወደ ላይ ይለቅና ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው ያያል። ነፋሱ ከማዶ ወደ እኛ ከሆነ ይቀመጣል። «አሁን ብጮህ ለራሴ ነው የምነግረው» ይላል። የሚወደው ሰዓት ማለዳና ምሽት ነው። በኋላ ትምህርት ቤት ምክንያቱን ተማርኩት። በዚያ ሰዓት ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ስለሚተኛ ድምፅ ወደ ሰማይ አይበተንም፣ ወደ መሬት ጎንበስ እያለ ሩቅ ይሄዳል። አጎቴ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

ከዚያ መልእክቱን ለባለጉዳዩ በሹክሹክታ ይደግምለታል። «የጠፋው በሬ ተገኝቷል፣ ነገ ይምጣ። ይኸው ነው?» ባለጉዳዩ ሊያስረዝም ይፈልጋል። በሬው የት እንደተገኘ፣ ማን እንዳገኘው፣ እንዴት እንደከሳ። አጎቴ እጁን ያወዛውዛል። «እሱን ሲመጣ ታወራዋለህ።»

አንድ እጁን ጆሮው ላይ፣ ሌላውን አፉ ጥግ ያደርግና ስም ይጠራል። ስም ብቻ። «እገሌ ሆ...ይ!» ይጠብቃል። ከማዶ «አቤ...ት!» እስካልመጣ ድረስ መልእክቱ ከአፉ አይወጣም። ሲመጣ አንድ አንድ ቃል እየለየ፣ በየመሃሉ እየተነፈሰ ይለቃል። ማዶኛው የሰማውን መልሶ ይጮሃል። አዛብቶ ከመለሰው አጎቴ «አይደለ...ም!» ብሎ ከሀ ይጀምራል። ልጅ ሆኜ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያንገበግበኝ ነበር። አንድ በሬ ለማግኘት ስንት ሥርዓት!

ኡኡታ ሌላ ነው። ሌባ ከብት ሲነዳ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ቃል አይመረጥም። መጀመሪያ ይጮሃል፣ የትነቱ ኋላ ይነገራል። ድሮ በአውጫጭኝ ጊዜ አገር ምድሩ ተሰብስቦ ሌባው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። እዚያ ቆሞ «አፋፍ ላይ ሆኜ አይቻለሁ፣ ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብዬ ዝም አልኩ» የሚል ሰው ምን እንደሚገጥመው እናንተው ገምቱ።

በአፋፍ የማይጠራም አለ። መርዶ። ለመርዶ በእግር ይኬዳል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ባለሐዘኑ ብቻውን እንዳይሆን ይታሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። ዛሬም ዋሽንግተን ያለ አበሻ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራት ጓደኛ በሩ ላይ ተደርድሮ ካየ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ነገሩን ያውቀዋል።

እንግዲህ የኔ መላምት ከዚህ ይነሳል። ሰው ሁሉ «አፋፍ» ሲባል ገደል ነው የሚታየው። ቃል እንደ ድንጋይ ተንከባሎ ሲወርድ። ተረቱን እስቲ ደግማችሁ ስሙት። «ወደቀ» የሚል ቃል የት አለው? «ገደል» የት አለ? ያለው «ወጣ» ነው። በአማርኛ ደግሞ «ወጣ» ሁለት ሥራ ይሠራል። ከቤት ወጣ እንላለን፣ ዳገት ወጣ እንላለን። ቃል ካፍ ሲወጣ በዚያው እግሩ አፋፍ ወጣ። ጠሪ እንደሚቆምበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አገር ይሰማዋል። ሹክ ያልከው እንኳ ቢሆን አፋፍ ላይ ሆነህ እንደጮህከው ቁጠረው፣ ነው የሚለን። ይህን ተረት ያወጣው ገደል የገባ ሰው አይደለም። እንደ አጎቴ ያለ ጠሪ ነው ብዬ አምናለሁ።

«አፋፍ» ራሱ «አፍ» ሲደገም የተገኘ ይመስለኛል። የመሬት አፍ፣ የአፍም አፍ። የቋንቋ ምሁር ሊስቅብኝ ይችላል፣ ይሳቅ። ቤት ለመምታት ብቻ የተገጠመ ነው የሚለኝም አይጠፋም። ቤት መምታቱንማ መታ። ግን «ካፍ» የሚለውን ቤት የሚመታ ስንት ቃል እያለ ለምን አፋፍ ተመረጠ?

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አጎቴ ገበያ ወጥቷል። አባባን፣ ማለትም አያቴን፣ ቁርጠት ያዛቸው። አያቴ ሴቲቱ «ሮጥ በልና አክስትህን ጥራት» አለችኝ። የአጎቴን ቦታ ላንድ ቀን አገኘሁ ማለት ነው! ወይራዋ ሥር ሄጄ ቆምኩ። ሣር አልነጨሁም። ስም አልጠራሁም። አቤት አልጠበቅሁም። ባለኝ ጉሮሮ «አባባ ታመዋል! ቶሎ ነይ!» ብዬ ለቀቅሁት።

አሁን ይህን ቃል ከሸለቆ ማዶ ሆናችሁ ስሙት። መጀመሪያውን ነፋስ ይበላዋል። የሚደርሰው ጭራው ነው፤ «...ዋል!» ታመዋል ይሁን ሞተዋል ማን ይለየዋል? የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነው የተባለው፣ ጆሮ ደግሞ የፈራውን ይሰማል።

ከማዶ ዋይታ ተነሳ። ኧረ አይደለም ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ? ዋይታው እኔን ዋጠኝ። በዋይታው ላይ ደግሞ ሌላ አፋፍ ተቀበለ። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አገልድመው መድረስ ጀመሩ። አባባ ዳማከሴ ጠጥተው ተሽሏቸው ደጅ ተቀምጠዋል። ጫጫታው ሲቀርብ ብድግ አሉና «ማን ሞቶ ነው?» ብለው አልቃሾቹን ጠየቁ። አንዷ የሩቅ ዘመዳችን እግራቸው ሥር ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሲመሽም ከሩቅ ደብር የሰሙ አልቃሾች እየመጡ ነበር። የኔ ማስተባበያ አንዳቸውም ጋ አልደረሰ።

አጎቴ ከገበያ ሲመለስ አልገረፈኝም። ወይራዋ ሥር ወስዶ አቆመኝና ሣር ነጭቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» አለኝ። ዝም በል አላለኝም። በማግስቱ ራሴን አስጠራኝ።

ይህ የገጠር ተረት ለዛሬ የጸጥታ ሥራ ምን ይሠራል የሚል ካለ ሃዋይን ይመልከት። ጥር 5 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ7 ላይ የደሴቶቹ ሰው ስልክ በአንድነት ጮኸ። ባሊስቲክ ሚሳይል እየመጣ ነው፣ ተጠለሉ፣ ልምምድ አይደለም ይላል። ሚሳይል አልነበረም። የድንገተኛ አደጋ ሠራተኛ በልምምድ መሃል የላከው ነው። ሰው ልጆቹን ይዞ መደበቂያ ፍለጋ ሮጠ። ማስተካከያው በዚያው መንገድ ወደ ስልኮቹ እስኪደርስ 38 ደቂቃ ፈጀ። የግዛቷ ገዢ ዴቪድ ኢጌ ነገሩ ስህተት መሆኑ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተነግሯቸው ነበር። ትዊተር ላይ ግን ቶሎ አልጻፉም። በኋላ ለጋዜጠኞች እንዳመኑት የትዊተር መግቢያቸው ጠፍቷቸው ነው። አፋፉ አለ፣ ወይራዋ አለች፣ ጉሮሮው ተዘጋ።

ዝምታውስ? የቼርኖቤል ኑክሌር ጣቢያ ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ሌሊት ፈነዳ። ሞስኮ ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ስዊድን ውስጥ፣ ፎርስማርክ የሚባል ጣቢያ፣ አንድ ሠራተኛ ጫማ ላይ ጨረር ተገኘ። ወሬው ከሰው አገር ተነሳ ማለት ነው። የዚያን ዕለት ማታ ሞስኮ ጥቂት ዐረፍተ ነገር በቴሌቪዥን አስነበበች። ጫማ ቀድሟት።

የኛው ቤት ደግሞ የተሻለ ምሳሌ አለው። የምኒልክ የዓድዋ ክተት አዋጅ፣ መስከረም 1888 ዓ.ም.። ነጋሪት እየተጎሰመ ነው የተነገረው። አጭር ነው። ምን እንደመጣ ይናገራል። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ የሌለው በሐዘኑ እንዲረዳ ይጠይቃል። የሸዋ ሰው በጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ይክተት ብሎ ቦታና ጊዜ ይቆርጣል። የሚቀር ሰው ምን እንደሚጠብቀው እንኳ አልተረሳም። ለኮሙኒኬሽን ስልጠና ይህ አንድ ገጽ ይበቃ ነበር። እኛ ግን 64 ስላይድ አየን።

ምሳ ላይ ቡፌው ጋ ተሰልፈን ከወረዳው ኃላፊ ጋር ተገናኘን። የአጎቴን ነገር አጫወትኳቸው። ሳቁና «ታዲያ አጎትዎ በኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?» አሉኝ። ሶፍት ላይ ጻፍኩላቸው። «በእንዲህ ያለ ቀበሌ ተኩስ ተሰምቷል። እያጣራን ነው። ስለ ሞተ ሰው እስካሁን የደረሰን ነገር የለም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተመልሰን እንነግራችኋለን።»

«12 ሰዓት ላይ ገና ባይጣራስ?»

«አልተጣራም ብለው ይንገሯቸው። ሰው አቤት ብሎ ቆሟል እኮ።»

ሶፍቱን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ከምሳ በኋላ አሰልጣኙ ተረቱን ደገመው፣ አሁን በስላይድ ጭምር። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላል፣ ተዘርግቶ። ካፍ ነው ወንድሜ! ሲዘረጋ ምቱን ያጣል። ይህን ተረት ለስንፍና መሸፈኛ ያደረጉት ሰዎች በዝተዋል። ቢሮ ስትደውልላቸው ይተርቱልሃል። መንደር ሲታመስ ይተርቱልሃል። በሦስተኛው ቀን አምስት ገጽ መግለጫ ያወጣሉ፣ አልቃሹ ሁሉ አልቅሶ ከተመለሰ በኋላ።

አባባ የምር ያረፉት ከዚያ በኋላ በስድስተኛው ዓመት ነው። አጎቴ አፋፍ አልወጣም። ዘመድ ይዞ ሌሊቱን ሸለቆውን ወርዶ፣ ጎህ ሲቀድ አክስቴ ደጅ ደረሰ። በሩን የከፈተው ባሏ ነው። ቆሞ አያቸው፣ ሁሉንም ተራ በተራ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘንድሮስ አጣርታችኋል?» አላቸው።