መረጣ ምንድን ነው? ስለ ቀዩ ኮርን ስኔክ

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ስልኬ ላይ ያለ፣ ኮርን ስኔክ የሚባል የቀይ እባብ ፎቶ አሳየሁ። አንድ ጋሼ «ከምን ጋር አዳቅላችሁት ነው?» አሉኝ። አጠገባቸው የነበረው ወጣት ደግሞ «አይ ጋሼ፣ የቀይ ጂን ከትተውበት ነው» አላቸው፤ ጂን ያለው ዘረመልን ነው። ሁለቱም አልሆነም። ይህን መልስ በዓመት ስንቴ እንደምሰማ መቁጠር ትቻለሁ። ያ እባብ የተገኘው በመረጣ ነው።

መረጣ ማለት በእጅ ካለው ዘር ውስጥ የሚፈለገውን ለይቶ ለቀጣዩ ትውልድ ወላጅ ማድረግ ነው። ከውጭ የሚገባ ነገር የለም። ማዳቀል ግን የተለያዩ ዘሮችን ማገናኘት ነው። ሥራውም ውጤቱም ለየቅል ነው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አገራችን ውስጥ «የተሻሻለች ላም» ሲባል ስንሰማ የኖርነው ቦረናን ከሆልስታይን አዳቅለው ያገኟትን ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ መሻሻል ሁሉ ማዳቀል መስሎን ቀረ። የመንዝና የቦንጋ በግ አርቢዎች ግን ከራሳቸው መንጋ ጥሩ ጥሩውን አውራ ለይተው በጋራ ሲጠቀሙበት ከምንም ጋር አላዳቀሉም። መረጡ። እባቡም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ኮርን ስኔክ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ እባብ ነው። መርዝ የለውም። ሆዱ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ጥለት የበቆሎ ፍሬ ይመስላል። በደቡብ ካሮላይና ጃስፐር ካውንቲ፣ ኦኪቲ በሚባለው አካባቢ ያሉት ከጥንቱም ደማቅ ናቸው፤ መደባቸው ብርቱካንማ፣ ጀርባቸው ላይ ያለው ነጥብ ቀይ፣ ዙሪያው ደግሞ ወፍራም ጥቁር። አርቢዎች እነዚህን ይዘው ቀይ ቀዩን እየለዩ አራቡ። ዛሬ «ኦኪቲ» የሚለው ስም ከቦታው ይልቅ ለመልኩ ሆኗል።

አሁን ወደ «የቀይ ጂን» ልምጣ። እንዲህ ያለው ቅላት የደቦ ሥራ ነው። ማሳ ላይ ሠላሳ ሰው ይወጣል። አንዱ ብርቱ ነው፣ አንዱ ደከም ይላል። ማታ ማሳው ታጭዶ ይታያል፤ «ይህን ያጨደው እገሌ ነው» ማለት ግን አይቻልም። ቅላትም ብዙ ጂኖች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው የሚያመጡት ነው። ልጅ የደቦውን ሰው ግማሹን ከአባቱ፣ ግማሹን ከእናቱ ይወስዳል። ማን እንደሚደርሰው በዕጣ ነው። ከአንዲት እናት 14 እንቁላል ቢፈለፈል አብዛኞቹ ወላጆቻቸውን ይመስላሉ። አንድ ሁለቱ ግን ብርቱ ብርቱው ሠራተኛ ይደርሳቸውና ከወላጆቻቸው ይልቅ ይቀላሉ። አርቢው እነዚያን ያስቀራል። በሚቀጥለው ትውልድም እንደዚሁ።

ሰውን የሚያምታታው አሜል የሚባለው ነው። አሜል ጥቁር ቀለም የሌለው ኮርን ስኔክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ አንድ ተያዘ፤ ከእሱም ሐኪሙ በርናርድ ቤክቴል በ1961 አሜል ልጆች አስፈለፈለ። በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ምክንያቱን አሳዩ። ከቦታ ቦታ የሚዘል የዲኤንኤ ቁራጭ ኦሲኤ2 በሚባለው ጂን ውስጥ ተሰንቅሮ ነው። ማንም አልከተተውም፤ በተፈጥሮ የሆነ ነው። ደግሞም አሜል ላይ ቀዩ አልጨመረም። ማሳው ላይ ያጠላው ባሕር ዛፍ፣ ማለትም ጥቁሩ ቀለም፣ ተቆረጠ እንጂ። ማሳው ቦግ ብሎ ይታያል፤ አዝመራው ግን ያው ነው።

ማስረጃ ለሚፈልግ ብለድሬድ አለ። ሲያድግ ደም የመሰለ፣ የሆዱ የበቆሎ ጥለት የጠፋ ኮርን ስኔክ ነው። ከተራ ኮርን ስኔክ ጋር አገናኙት፤ ልጆቹ ተራውን ይመስላሉ። ልጆቹን እርስ በርስ አገናኙ፤ ከአራት አንድ ያህሉ ሆዱ ላይ ጥለት ሳይኖረው ይወጣል። ይህ የአንድ ጂን ሥራ ነው፤ ዲፊውዝድ ይሉታል። ያ ጥልቅ ቅላት ግን አብሮ አይመለስም። አንዱ ብርቱካንማ፣ አንዱ ዳማ፣ አንዱ ቡናማ ይሆናል። ደቦው ተበትኗል። እንደገና ለመሰብሰብ ትውልድ ይጠይቃል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ አርቢ ዲፊውዝድን ለጂኑ፣ ብለድሬድን ለተመረጠው ዘር ለይቶ የሚጠራው።

«ሬድ ፋክተር የሚባለውስ?» የሚለኝ አለ። አዎ፣ አርቢዎች በዚህ ስም የሚጠሩት፣ በአንድ ጂን የሚወረስ ቅላት አጋዥ አለ። እሱ ግን ደቦው ላይ የተጨመረ አንድ ጉልበተኛ ነው። ሌሎቹ ከሌሉ ማሳውን ብቻውን አይጨርስም።

ማንም ባይጠይቀኝም የሙያዬን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ደቦውን ከአንድ ቤት ሰው ብቻ ከጠራችሁት፣ ያ ቤት የታመመ ቀን ማሳው ላይ ማንም አይገኝም። ወንድምን ከእህት እያገናኙ ቅላት ማሳደድ እንደዚያ ነው። በቀድሞዎቹ ብለድሬዶች አርቢዎች ሲቸገሩ የኖሩት በዚህ ነው፤ እንቁላሉ አይፈለፈልም፣ የተፈለፈለውም መብላት እምቢ ይላል። የሌላ ቤት ሰው፣ ማለትም ዘመድ ያልሆነ ኮርን ስኔክ፣ ማስገባት ግድ ሆነ፤ ቅላቱ ለጊዜው ቢቀንስም። ጋሼንም ላለመበደል ልናገር፤ ኮርን ስኔክን ኪንግ ስኔክ ከሚባል ሌላ የእባብ ዝርያ ጋር ያዳቀሉ ሰዎች አሉ። ያ ግን ሌላ እባብ ነው።

ሌላው ትዕግሥት ነው። ብለድሬድ ሲፈለፈል ግራጫ የተቀላቀለበት ነው፤ ገና መዳፌ ላይ እንዳለ የትኛው እንደሚቀላ አላውቅም። ቆዳውን በቀየረ ቁጥር እየቀላ ይሄዳል፣ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። ለመውለድ የሚደርሰውም በዚያው ዕድሜ ነው። አምስት ትውልድ ለመምረጥ ወደ አሥራ አምስት ዓመት ይሄዳል ማለት ነው። በሁለት ወሩ «እጅግ ቀይ» ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ እባብ ካያችሁ የሁለቱንም ወላጆች ፎቶ ጠይቁ። በቢጫ አምፖል ሥር የተነሳውን አትቀበሉ፤ ቡናማውንም ቀይ ያስመስላል። እኔ ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስተኝቼ ነው የማነሳቸው፤ በየዓመቱ በዚያው ቦታ።